በጋራ ተጋጣሚ የተሸነፈው ሲራክ

መጋቢት 9 ቀን 2091 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሲራክ ወንድይራድ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ በአራት ሰዎች ተሸነፈ። አንደኛው ጎንደር የሚኖር ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሁለተኛዋ ሐዋሳ ዓሣ ትሸጣለች። ሦስተኛውና አራተኛው ከትናንት ወዲያ የተወለዱ መንትዮች ናቸው። ሲራክ ከአራቱ አንዳቸውንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በሩ አጠገብ የተሰቀለችው ሳጥን ግን ስማቸውን አንድ በአንድ ጠርታ ስትጨርስ «መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብላ ዝም አለች።

ሲራክ አልደነገጠም። እስከዚያ ጠዋት በ4,308 ሰዎች ተሸንፎ ነበር፤ አሁን 4,312 ሆኑ። አፉን ተጉመጥምጦ ሻዩን ጣደ።

ዕድሜው ስድሳ ስድስት ነው። በወጣትነቱ በቀላል ክብደት ሃያ ሰባት ጊዜ ቦክስ ተጋጥሞ ሃያ ስድስቱን አሸንፏል። የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የመጨረሻውን። አሁን ድሮ ይቧቀስበት በነበረው ጉለሌ ያለ አዳራሽ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። አዳራሹ የንጽጽር ቢሮ ቅርንጫፍ ሆኗል።

ንጽጽር የተጀመረው ከቦክስ ነው። ግዛው ቸኮልን ከጣለ፣ ቸኮል ደግሞ ሞላን ከጣለ፣ ግዛውና ሞላን ሪንግ ውስጥ አስገብቶ አፍንጫ ማሰባበር ምን ይሉታል? ግዛው ሞላን በጋራ ተጋጣሚ አሸንፎታል፤ አለቀ። ይህን መጀመሪያ ያሉት ድራፍት ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች ነበሩ። ቀጥለው ጋዜጠኞች አሉት። ከጋዜጠኞች በኋላ ሚኒስትር አለውና ሕግ ሆነ። በ2072 የመጨረሻው ግጥሚያ ተካሂዶ ሪንጎች ተዘጉ። በዚያው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የድሮ ውጤቶችን አገላብጦ፣ በጋራ ተጋጣሚ የተተነበየው ነገር ከመቶ ስድሳ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚሠራ፣ ቡጢ የስልት ነገር ስለሆነ ግራኙ ለአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ እንደሚሆን ጻፈ። ቢሮው በአንድ አንቀጽ መልስ ሰጠ፦ ግጥሚያ ከቀረ ወዲህ ንጽጽሩ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። ይህን ማስተባበል የቻለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። መምህሩ በዚያው ዓመት ለወንበሩ በተወዳደረው ሰው በጋራ ተጋጣሚ ተሸንፎ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ።

ከቦክስ ወደ ሥራ ቅጥር፣ ከሥራ ቅጥር ወደ ድንበር ክርክር፣ ከድንበር ክርክር ወደ ጋብቻ ለመሻገር ስድስት ዓመት አልፈጀም። ዛሬ ማንኛውም ዜጋ መስመር አለው፦ ማንን አሸነፈ፣ ማን አሸነፈው፣ ያሸነፈውንስ ማን አሸነፈው። ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች በመስመራቸው ይዳኛሉ። ፊት ለፊት ተገናኝተው ከሆነ ግን የፊት ለፊቱ ይበልጣል። ሪንግ ላይ የተገኘ ውጤት ደግሞ ሪንግ ላይ ካልሆነ በምንም አይሻርም። ሚስትና ልጅ በአባወራው መስመር ይቆጠራሉ። ቢሮው እጅግ ዘመናዊ መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚች ላይ ሲደርስ ግን ዘመናዊነቱ ትንሽ ደከም ብሎታል።

የሕዝብ በር ሁሉ ደወል አለው። ቀድሞ ያለፈ አሸነፈ፣ ቆሞ ያሳለፈ ተሸነፈ። ስለዚህ ዳቦ ቤት በር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ግማሽ ሰዓት ሲታገሉ ማየት የተለመደ ነው፤ ዳቦው ይደርቃል እንጂ አንዱ ወደኋላ አይልም። «እርስዎ ይቅደሙ» የሚለውን ንግግር አሁን የሚያውቁት ዕድሜያቸው የገፋ ብቻ ናቸው። ሰላምታም ረዝሟል፤ «ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ ደህና?» ሲባባሉ ቀድሞ ያቋረጠ ተሸናፊ ስለሆነ የአውቶቡስ ሾፌሮች ተሳፋሪ ሰላም አይሉም። ሰው አዳልጦት ሲወድቅም «እኔን!» የሚል ጠፋ። ቢሮው ይህችን ቃል በፈቃድ እንደመሸነፍ ይመዘግባታል።

ሻዩ ሳይፈላ ልጁ ትርሲት ከሆስፒታል ተመልሳ ገባች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ቀድዳ አድናለች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወረወረችው።

«ውጤቱ ወጣ አባዬ። ቦታው ለዶክተር ማንደፍሮ ሆነ።»

«ማንደፍሮ? ያ እጁ የሚንቀጠቀጠው?»

«አዎ። አባቱ በ2046 ዘርጋው የሚባል ቦክሰኛ በነጥብ አሸንፏል። ዘርጋው ደግሞ አንተን አሸንፏል። ስለዚህ ማንደፍሮ ከኔ የተሻለ ሆድ ይከፍታል። ከሚያዝያ አንድ ጀምሮ ቢላ መንካት አልችልም፤ ጓንት መጋዘን ነው የመደቡኝ።»

«በር ላይ እንኳን ብትቀድሚው…»

«የት አግኝቼው? ወር ሙሉ በመስኮት ነው ሲገባ የከረመው! መስኮት ደወል የለውማ።» ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃያ ስድስት ሰው አሸንፈህ ስታበቃ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በተዘረረ ሰው እንዴት ተሸነፍክ?»

ሲራክ ለዚህ ጥያቄ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «አሞኝ ነበር» ሲል ኖሯል። ያን ቀን ውሸቱ አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«እናቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር» አለ። «እማማ ደብሪቱ። ታላቅ ልጃቸውን ከቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም፤ ከላይ እስከታች ጥቁር። ሦስተኛው ዙር ላይ ዘርጋውን ገመድ ላይ አስደግፌ ቀኜን ሳነሳ ዓይኔ እሳቸው ላይ አረፈ። ነጠላቸውን ነክሰው ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። እጄን መለስኳት። ከዚያ በኋላ እሱ መታኝ፣ እኔ ቆሜ ቆጠርኩለት።»

ትርሲት የወረወረችውን ቦርሳ አነሳች።

«ለማታውቃቸው ሴትዮ ይሉኝታ ያዘህ» አለች። «እኔ ግን ልጅህ ነኝ።»

ተነስታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ሲራክ በሕይወቱ የበላው ቡጢ ሁሉ ተደምሮ እንደዚህ አላመመውም።

በማግስቱ ሥራ ሲገባ በቀጥታ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ሄደ። አቶ ልሳነወርቅ የቅርንጫፉ መዝጋቢ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያሉ፣ ማኅተማቸውን በትንፋሻቸው ሳያሞቁ የማይመቱ ሰው። ጠረጴዛቸው ሪንጉ መሀል ላይ ተቀምጧል። ሰልፈኛ የሚያግድ ገመድ በአራቱም በኩል ተዘጋጅቶ ስለተገኘ ቢሮው ሌላ ቦታ መፈለግ አላስፈለገውም።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አለ ሲራክ። «ዘርጋው አገር አንደኛ ነው አይደል?»

«ነው። እርስዎን ስላሸነፈ፣ እርስዎ ያሸነፏቸውን ሃያ ስድስቱንና የእነሱን ተሸናፊዎች ሁሉ አሸንፏል። ንጹሕ መስመር ነው።»

«እሺ። እኔ ደግሞ 4,312 ሰው አሸንፎኛል ይባላል። በማን በኩል?»

«በዘርጋው በኩል። ዘርጋውን ድሮ ያሸነፉት ሁሉ እርስዎን አሸንፈዋል፤ የእነሱም አሸናፊዎች፣ ልጆቻቸውም።»

«ዘርጋው በእነሱ ከተሸነፈ እንዴት አንደኛ ሆነ?»

«እነሱ ያሸነፉት የድሮውን ዘርጋው ነው። የመጨረሻ ውጤቱ ግን እርስዎን ማሸነፉ ነው።»

«እኔስ በየትኛው ዘርጋው ነው የተሸነፍኩት? በድሮው ወይስ ባሁኑ?»

አቶ ልሳነወርቅ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። «በሁለቱም» አሉ። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ሲራክ ገመዱን ያዝ አደረገ። ከዚያ የሪንግ ውጤት በሪንግ ይሻራል የሚለው ሕግ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። ይሠራል አሉት። አንቀጽ አርባ አንድ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠየቀ የለም እንጂ አልተሰረዘም።

የዘርጋው ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ አንደኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ። ዘርጋው ራሱ ሳሎኑ ውስጥ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መልኩ ፀሐይ ያጣ ሰው መልክ ነው፤ ከዚህ ቤት ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አንድ ጊዜ አንድ መንገደኛ በር ላይ ቢቀድመው ሁሉ ነገር ያልቃልና።

ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ ጀመሩ። ጤና ተጠየቀ፣ ልጆች ተጠየቁ፣ የክረምቱ ነገር ተጠየቀ፤ ሻይ ያቀረበችው ሠራተኛ ተመልሳ ብርጭቆ ስታነሳ ገና አልጨረሱም ነበር። በመሀላቸው የሪንግ ውጤት ስላለ ማን ቀድሞ ቢያቋርጥ ለውጥ የለውም፤ ግን ሁለቱም አላቋረጡም። ተናፍቀው ነበር።

«ለምን እንደመጣህ አውቃለሁ» አለ ዘርጋው በመጨረሻ። «ያቺን ቀኝህን ሦስተኛው ዙር ላይ ጠበቅኳት። አልመጣችም። ይኸው አርባ አንድ ዓመት በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ መጣች እላለሁ።»

«አውቀህ ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተዘርሬ ምት ሳይሰነዘርብኝ ሲቀር አላውቅም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እናቴ ሳቀቻ! ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። ሲራክ አሳልፎኝ ነው ብዬ ልንገራት?»

«እሳቸው ካረፉስ በኋላ?»

ዘርጋው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። «ከዚያማ ቤቱ መጣ» አለ።

ሲራክ የትርሲትን ነገር ነገረው። ሦስት መቶ አሥራ አንዱን ሰው፣ ማንደፍሮን፣ ጓንት መጋዘኑን። ዘርጋው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«እገባለሁ» አለ። «ግን በናትህ በደንብ ምታኝ። ይህን ቤት ለዘላለም ልገላገለው። አሁን ደግሞ ይሉኝታ እንዳትለኝ።»

«አልልህም።»

«ማል።»

«ትርሲትን» አለ ሲራክ።

ግጥሚያው መጋቢት 25 ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ። የአቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛ ከሪንጉ ወረደ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቡጢ ስለነበር ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ መጣ፤ ግን በር ላይ ማንም ማንንም አላሳልፍ ስላለ ግማሹ ገብቶ የተቀመጠው ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ነው። ጓንቶቹ ከሲራክ አሮጌ ሣጥን ወጡ። አይጥ ውስጣቸውን በልቶት ስለነበር ትርሲት ጥጥ ሞላችባቸው። የአባቷን ስታስር ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት።

«አሳልፈህ ትሰጠኛለህ?» አለችው።

«ማልኩ እኮ።»

በአገሩ አንድ ዳኛ ስላልቀረ አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው አንቀጽ አርባ አንድን በእጃቸው ይዘው ሪንግ ውስጥ ገቡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦ «ከደወሉ በኋላ ሪንጉ ውስጥ ቆሞ የተገኘ አሸናፊ ነው። የወደቀ ተሸናፊ ነው።» የሚመዘግበው ከወለሉ ሥር ያለው ሚዛን ነው፤ ሰው አይደለም። ደወሉ ተደወለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይሰማል። ሲራክ ግራውን ለሙከራ ወረወረ፤ ትከሻው አስታወሰው። ደስ አለው። ቀኙን አነሳ።

ዘርጋው ሁለቱንም እጁን ዝቅ አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ፤ መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ፊቱን ጨማደደ።

«በል» አለ።

የሲራክ ቀኝ እጅ ተነስታ ቀረች። እጁን የጣለ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሽማግሌ ፊት ላይ እንዴት ይመታል?

«ጠብቅ እንጂ» አለው ሲራክ በሹክሹክታ። «ትንሽ እንኳን ተከላከል።»

«ምታ አልኩህ!»

«መጀመሪያ አንተ አቅምሰኝ።»

«ኧረ አንተ ጀምር፣ በሞቴ!»

«ተማቱ እንጂ!» ሲሉ አቶ ልሳነወርቅ ወረቀታቸውን ይዘው መሀላቸው ገቡ።

«አባዬ!» ትርሲት ተነስታ ጮኸች። «ምታው! ስለኔ ብለህ ምታው!»

ሲራክ ሰማት። ልቡን አጸና። ጥርሱን ነክሶ እጁን ወደኋላ ሳበ፤ በእውነት ሊመታው ነበር። ይህን ከዚያ በኋላ ለጠየቀው ሁሉ እየማለ ተናግሯል። ዘርጋው ግን በአንድ ዓይኑ ሲያጮልቅ የሲራክ ፊት አላስተማመነውም፤ ይሄ ሰውዬ ዛሬም ሊያሳልፈኝ ነው ብሎ በራሱ ጊዜ ለመውደቅ ወሰነ። ጉልበቱን አጠፈና ወደፊት ተደፋ።

«እኔን!» አለ ሲራክ።

ቃሏ ከአፉ የወጣችው ሳያስብ ነው። እጆቹም አብረዋት ወጡ። ሊመታ የሳባት ቀኙ ዘርጋውን ብብቱ ሥር ገብታ ያዘችው። ስድሳ ስድስት ዓመት ስድሳ ስምንት ዓመትን ተሸክሞ አንዴ ተንገዳገደ፣ ሁለቴ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው ወደቁ። የሲራክ ዳሌ ሲሰበር ጧ አለ።

ሪንጉ ውስጥ ቆሞ የቀረ አንድ ሰው ነበር። ወረቀት ይዞ ነበር። የአዳራሹ ሳጥን ወዲያው ተናገረች፦ «አሸናፊ፣ አቶ ልሳነወርቅ። ሁለት ተጋጣሚ በአንድ ዙር።»

«እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። ከዚያ ወረቀቱን ደግመው አነበቡት። ስህተት አጡበት። ማኅተማቸውን አሞቁና መቱበት። ማታ ቤታቸው ሲገቡ «ብዙም አላደረግሁም» ይሉ ነበር፤ በማግስቱ «ካደረግሁትስ የባሰ ማድረግ እችል ነበር» ማለት ጀመሩ። በሳምንቱ የዘርጋው ቤት ውስጥ ገቡ። የስፖርት ተንታኞች ሳይንቀሳቀሱ የማሸነፍ ስልታቸውን በሰፊው አብራሩ።

ሲራክ ቀዳጅ ሐኪሙ እስኪታወቅ ስድስት ቀን በጀርባው ተኛ። መስመሮች ሁሉ ስለተናጉ የሆስፒታሉ ምደባ እንደገና ተሠርቶ ነበር። ሚያዝያ 1 ውጤቱ ወጣ። ማንደፍሮም ከትርሲት ጋር ጓንት መጋዘን ተመደበ። ቀዳጅ ሐኪም ሆና የተመደበችው በመላ አገሪቱ ሐኪም የሚል ወረቀት ካላቸው ሰዎች ሁሉ መስመሯ ከፍ ያለው ናት፦ የአቶ ልሳነወርቅ ባለቤት ዶክተር አሰገደች። ሱሉልታ ሃያ ሁለት ዓመት ከብት አክማለች። ምደባው ወረቀቱ ላይ የማን ሐኪም የሚለውን አልጠየቀም።

በዚያው ቀን ሲራክ ተደንዝዞ እንቅልፍ ወስዶት ወደ ቀዶ ክፍሉ ገባ። ትርሲት ጓንት ተሸክማ ከኋላ መጣች። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት ወፍራም፣ ደርባባ ሴት አረንጓዴ ልብስ ለብሳ ቆማለች። ላብ በላብ ሆናለች።

«ጓንቱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?» አለች። «የኔ እናት፣ እኔ ላም ነው የማውቀው። ስንት ጥጃ በእጄ ስቤ አውጥቻለሁ። ይሄ ግን ሰው ነው። አልችልም ብላቸው የሚሰማኝ አጣሁ።»

«አባቴ ነው» አለች ትርሲት። ጓንቱን አስቀመጠች። «ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ቀድጃለሁ። ይህን አጥንት በጨለማ እሠራዋለሁ። አይፈቀድልኝም።»

አሰገደች በሩን አየችው፣ ትርሲትን አየቻት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለች።

«ግቢ።»

«ይመዘግባል እኮ እትዬ። ባለቤትዎ…»

«ይመዝግበዋ! ሰውየው ሳምንት ሙሉ መጸዳጃ ቤት እንኳ ከኔ ቀድሞ ሲገባ ከረመ። እኔ ለሱ አንደኝነት ብዬ ሰው አልገድልም። ግቢ ልጄ፣ በሞቴ ግቢ። እኔ መብራት እይዝልሻለሁ።»

ትርሲት ገባች። ደወሉ ተደወለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቦታው የሷ ሆነ፤ የፊት ለፊት ውጤት ነው። ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ። አሰገደች መብራት ያዘች፤ መጨረሻ ላይ ስፌቱን አይታ ለላም እንኳን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለች፤ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ሲጨርሱ አልጋውን ገፍተው አወጡት። አልጋ ደግሞ ከገፊው ይቀድማል። ደወሉ እንደገና ተደወለ። ሲራክ አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ ልጁን አሸነፈ። እሷ አሰገደችን አሸንፋለች፣ አሰገደች በባሏ መስመር ናት፣ ባሏ ዘርጋውን አሸንፏል፣ ዘርጋው አገሩን ሁሉ። ባሏና ዘርጋው ሪንግ ላይ ያሸነፉት ደግሞ የድሮውን ሲራክ ነው። ሲራክ በእግሩ በኩል ወጥቶ የአገሪቱ አንደኛ ሆነ።

ሲነቃ የክፍሉ ሳጥን ያሸነፋቸውን ሰዎች ስም እየጠራች ነበር። ማለዳ ጀምራ እስከ ምሳ አልጨረሰችም። መጀመሪያ የጠራችው ስም ትርሲት ሲራክ የሚል መሆኑን ነርሷ ስትነግረው ሽማግሌው አለቀሰ። አርባ አንድ ዓመት ሰው አሳልፎ የኖረ ሰው፣ አንዴ ቢያሸንፍ ልጁን?

«ምን ያስለቅስሃል?» አለችው ትርሲት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ። እጁን ያዘችው። «አሁን በመስመርህ ነው የምሠራው። ማንደፍሮ በየትኛውም መስኮት ቢመጣ አይደርስብኝም። ብቻ አደራህን አባዬ፣ ከእንግዲህ ማንንም አታሳልፍ። አንድ በር፣ አንድ ሰው፣ አለቀልኝ። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ። እንደገባው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ የዘርጋውን ሳሎን እያሰበ ነበር።

ሚያዝያ 17 ከሆስፒታል እንዲወጣ ተፈቀደለት። ሊወስደው የመጣው ዘርጋው ነው፤ በአንድ እጁ ብርቱካን፣ በሌላው ምርኩዝ ይዞ። ቤቱን ከተነጠቀ ወዲህ በእግሩ ከተማውን ሲዞር ከርሟል። በየበሩ ለአገሬው ሁሉ «ይቅደሙ» እያለ በቀን እስከ አርባ በሚደርስ ሰው ይሸነፋል። ፊቱ ፀሐይ መቶት ጠቁሯል፤ አምሮበታል።

ትርሲት ቀዶ ክፍል መግባት ስለነበረባት ከላይ በመስኮት ብቻ ሸኘቻቸው። አባቷን ለዘርጋው በአደራ የሰጠችው አስባበት ነው። በዚህ አገር ሲራክ በር ላይ አብሮት ሊቆም የሚችል አንድ ሰው ብቻ አለ፤ በመሀላቸው የሪንግ ውጤት ስላለ ደወሉ ለሁለቱ አይቆጥርም።

ዋናው በር ጋ ሲደርሱ ሲራክ በምርኩዙ ቆመ። ዘርጋውም ቆመ።

«ቅደም» አለ ሲራክ።

«ኧረ አንተ ቅደም፣ በሽተኛ ነህ።»

«ታላቄ አይደለህም እንዴ? አይሆንም።»

«በሞቴ!»

«አንተ ሙት እንዳልልህ! በትርሲት ይዤሃለሁ፣ ቀድመህ ውጣ።»

«በትርሲትማ ከማልክ እኔ ደግሞ በእናቴ አጥንት።»

ሲራክ ሳቀ። ዘርጋውም ሳቀ። ደወሉ ዝም አለ። ከኋላቸው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ነርሶች፣ ከዚያ አንድ የታሰረ እግር ያለው ሰው፣ ከዚያ ማንደፍሮ የጓንት ካርቶን ተሸክሞ። ከውጭ በኩልም ሰው ተሰበሰበ፤ ለጠዋቱ ቀጠሮ የመጡት ሁሉ እዚያ ናቸው። አንዲት አሮጊት ከሰልፉ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቁ። «ቅደም፣ ቅደም» ይባባላሉ አሏቸው። አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ትርሲት በመስኮት ሆና መጀመሪያ ፈገግ ብላ አየቻቸው። ቀጥላ ሰዓቷን አየች፤ የመጀመሪያ በሽተኛዋ ከእነሱ ኋላ ውጭ ቆሟል። መስኮቱን ከፍታ «አባዬ፣ ኧረ አንዳችሁ እለፉ!» ብላ ጮኸች።

ይህ እስከተጻፈበት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ አላለፉም።